ጀሶው ተፈታ፣ ክርኑ ግን አልገጠመም

ጥያቄ፦ ልጄ በ6 ዓመቱ ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ክርኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ራጅ ተነሳና “ትንሽ ስንጥቅ ናት” ተብሎ ጀሶ ታሰረለት። ሲፈታለት ሌላ ራጅ አልተነሳም። አሁን 16 ዓመቱ ነው። እጁን ሲዘረጋ ከክርኑ በታች ወደ ውጪ ይሄዳል፤ ሰሞኑን ደግሞ ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ ይደነዝዙበታል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል። ዘመድ ወጌሻ ጋ ውሰጂው ይላል። ኦፕራሲዮን ይጠቅመዋል? ትምህርት እስኪዘጋስ ይቆይ?
እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ የወጌሻውን ነገር ይተዉት። መታሸት የተጎዳ ነርቭን ያባብሳል እንጂ አያድንም።

ከነገሩኝ ተነስቼ የምጠረጥረው በክርኑ የውጪ ጎን ያለችው አጥንት ሳትገጥም መቅረቷን ነው። ይቺ አጥንት አስቸጋሪ ናት። በ6 ዓመት ዕድሜ አብዛኛው ክፍሏ ለስላሳ አጥንት ስለሆነ ራጅ ላይ ከመጠኗ አንሳ ነው የምትታየው፤ የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎችም ከእሷ ላይ ስለሚነሱ ጀሶ ውስጥ ሆና እንኳ ይጎትቷታል። ጀሶ ማሰሩ ስህተት አልነበረም፣ ንቅንቅ ላላለ ስብራት ይበቃል። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ራጅ መደገም ነበረበት። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ይያዛል።

አጥንቷ ካልገጠመች ክርኑ እያደር ወደ ውጪ ያዘነብላል። ክርናችን ሲጋጭ እንደ ኮረንቲ የሚነዝረን ነርቭ በውስጠኛው ጎን ነው የሚያልፈው፤ ልጁ እጁን ባጠፈ ቁጥር ይወጠራል። ለዚህ ነው መደንዘዙ ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው።

ኦፕራሲዮኑ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ነርቩን ከክርን ኋላ ወደ ፊት ማዛወር ነው፣ ይሄ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። ሌላው የአጥንቱ ነው፦ ቁራጯን በብሎን ማሰር ወይም ከክርን በላይ ቆርጦ ማቃናት። እዚህ ላይ ሐኪሞችም ይለያያሉ፤ የቆየችን ቁራጭ መነካካት ክርኑን ሊያደርቀው ስለሚችል፣ ካላመመውና በደንብ ካጠፈ አጥንቱን የሚተዉ አሉ። እንደ ድሮው ይሆናል ብሎ ቃል የሚገባልዎትን ግን አይመኑ።

አሁኑኑ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለውን ሥጋ ከሌላኛው እጁ ጋር ያስተያዩት። ከጎደጎደ ጡንቻው መክሳት ጀምሯል ማለት ነው፣ የከሳው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ክረምቱን አይጠብቁ። የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ይውሰዱት፣ የሁለቱንም ክርን ራጅ ያስነሱ፣ የድሮው ራጅ ቤት ካለ እሱንም ይያዙ። አጥንቱ ቀጠሮ ይችላል፤ ነርቩ አይችልም።