ዘጠነኛዋ ቅጂ የጎረቤቴ ቤንች ላይ ነበረች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቲምፋይት ታክቲክስ (ስምንት ሰው ሻምፒዮን የሚባሉ ተዋጊዎችን በጎልድ ከሾፕ እየገዛ የሚፋለምበት ጌም) ላይ ከዩቲዩብ ያየኸውን የሪሮል ቲም፣ ማለትም ሾፑን ደጋግሞ እያደሱ ርካሽ ሻምፒዮኖችን ማሳደግን፣ ሦስት ጊዜ ሞከርክ፤ ሁለቴ ስምንተኛ፣ አንዴ ሰባተኛ ወጣህ። አሁን «ወደ ድሮው ቲሜ ልመለስ ወይስ ልቀጥልበት?» ነው የምትለው። ቀጥልበት። ራንክ ላይ (ውጤቱ ደረጃህን በሚወስንበት) ግን አይደለም።

እኔም እዚሁ ድሬ ቁጭ ብዬ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። የድሮ አጨዋወቴ ቀላል ነበር። ጎልድ አጠራቅማለሁ፣ ሌቭል 8 እገባለሁ፣ ውድ ውድ ሻምፒዮኖችን እገዛለሁ። ሦስተኛ፣ አራተኛ እወጣለሁ። አንድ ቀን የሆነ ሰው ባለ 1 ጎልድ ሻምፒዮን ሦስት ኮከብ አድርጎ (ሦስት ቅጂ ሁለት ኮከብ፣ ዘጠኝ ቅጂ ሦስት ኮከብ ይሆናል) ጠራርጎኝ ሄደ። ቀናሁ። በነጋታው እኔም ጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ውጤቴ፦ 8፣ 7፣ 8፣ 6፣ 8።

ቲሙ የማይረባ መስሎኝ ነበር። ለካ ጉዱ ያለው ጎልዱ ላይ ነው።

ሂሳቡን እየው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በኋላ በየዙሩ 5 ጎልድ ይሰጥሃል። ካጠራቀምከው ላይ ደግሞ በየ10ሩ 1 ጎልድ ወለድ አለህ፤ ጣሪያው 5 ነው። ስለዚህ 50 ጎልድ ይዘህ ከቆየህ በየዙሩ 10 ይገባልሃል፤ በተከታታይ ስታሸንፍ ወይም ስትሸነፍ የሚጨመረውን ሳንቆጥር። ሾፑን ማደስ 2 ጎልድ ነው። 50ውን ሳትነካ በየዙሩ አምስት ጊዜ ማደስ ትችላለህ ማለት ነው። ሻምፒዮኖቹን የምትገዛውም ከዚያው ትርፍ ስለሆነ ከአምስት ትንሽ ያንሳል። እኔ ምን አደርግ ነበር? 50 ሲሞላ እጄን ይበላኛል፤ ዜሮ እስኪሆን ማደሻውን እጫነዋለሁ። በሚቀጥለው ዙር 5 ጎልድ ብቻ። ሁለት ጊዜ አድሰህ አበቃ። የእቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ወስዶ በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው ማለት ነህ፤ ከዚያ በኋላ መክፈል ብቻ ነው።

ሌላው የት ሌቭል ላይ እንደምትቆም ነው። ባለ 1 ጎልዶቹን የምትፈልግ ከሆነ ሌቭል 5 ላይ፣ ባለ 2ቱን 6 ላይ፣ ባለ 3ቱን 7 ላይ መቆም ነው። ከዚያ ካለፍክ ርካሾቹ ሾፑ ላይ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ይሄን አውቀዋለሁ፤ ግን በኛ ሙቀት ላብ ባራሰው ጣት ላድስ ብዬ ሌቭል የገዛሁበት ቀን ብዙ ነው። ስልኩም ይግላል፤ ቬንትሌተሩን ከራሴ ወደ ስልኩ አዙሬ ነው የምጫወተው።

እና ራንኩን ተወውና መደበኛው ላይ አሥር ጨዋታ ተጫወት። ሦስት ጨዋታ ምንም አይነግርህም። እኔ ከደብተር ጀርባ ሁለት ነገር ብቻ እጽፍ ነበር፤ 4-1 ላይ (የአራተኛው ስቴጅ የመጀመሪያ ዙር) ስንት ጤና እንደቀረኝና የምፈልጋትን ሻምፒዮን ስንት ቅጂ እንደያዝኩ። ስንተኛ እንደወጣሁ አልጽፍም፤ እሱ ያናድዳል። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። ቅጂዎቹ ቀስ ብለው እየመጡ ነው፤ እኔ ግን ጦሬን ሳላጠናክር በባዶ ሜዳ ስለምጠብቃቸው ከመድረሳቸው በፊት ጤናዬ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ዋናዋ እስክትመጣ ያገኘሁትን ሁለት ኮከብ ሁሉ ፊት አሰልፋለሁ፤ ቲሙ ውስጥ ባይኖርም።

ዩቲዩበሩ በደንብ የማያሳይህ ደግሞ የሰው ጓዳ ማየትን ነው። ስምንታችሁም ሻምፒዮን የምትቀዱት ከአንድ ጎተራ ነው። አንድ ማታ ሳቢያን ሰፈር ከጎረቤቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጫወታለን። ሁለታችንም አንድ ቪዲዮ አይተናል፤ አልተነጋገርንም። እኔ ሁለት ባለ ሁለት ኮከብና ሁለት ነጠላ፣ በድምሩ ስምንት ቅጂ ይዣለሁ። አንድ ብቻ ቀረኝ። ላድስ፣ ላድስ፣ የለችም። በመጨረሻ የእሱን ሜዳ ከፍቼ ባይ ሦስት ቅጂ ቤንቹ (ያልተሰለፉት መቀመጫ) ላይ ደርድሯል። ቲሙን ከቀየረ ቆይቷል፤ አያሰልፋቸውም።

«አቦ ሽጣት እንጂ!» አልኩት።

«ለምን? ቦታ አለኝ» አለኝና ሻዩን ጠጣ።

ቢሸጣት ወደ ጎተራው ተመልሳ ለእኔ የመምጣት ዕድል ነበራት። አልሸጠም። እኔ አምስተኛ፣ እሱ ሁለተኛ ወጣን።

ስለዚህ ገና ሁለተኛው ስቴጅ ላይ እያለህ የሰባቱንም ሜዳና ቤንች ዞረህ እይ። ሌላ ሁለት ሰው ያንተኑ ከያዘ በጊዜ ውጣ። 4-1 ደርሰህ ስድስት ቅጂ ካልሞላህም አትሟገት፤ አይተሞቹን (ሻምፒዮኑ የሚታጠቃቸውን ዕቃዎች) የሚሸከም ሌላ ሻምፒዮን ፈልገህ ወደ ሌቭል 8 ሂድ። የድሮው ቲምህ የሚጠቅምህ እዚህ ጋ ነው። ባለ አንድ ኮከብ ስትሸጥ የገዛህበት ጎልድ ሙሉ ይመለስልሃል፤ አትሳሳላቸው። አሰላለፉ ላይ ብዙ አትጨነቅ፤ ጠንካራው ፊት፣ ተኳሹ ጥግ፣ ለጀማሪ ይበቃል።

ጎረቤቴ ግን እስካሁን የእኔን ሻምፒዮን ባየ ቁጥር እየገዛ ቤንቹ ላይ ያስቀምጣታል። ስጠይቀው ቦታ አለኝ ነው የሚለው።