ሥጋው ውሃ ለቀቀ፣ ቺፕሱ ላላ፦ ስለ ስቴክ ፍሪት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ፣ አዲስ አበባ ቤትሽ የፈረንሳዮቹን ስቴክ ፍሪት (የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ከድንች ቺፕስ ጋር) ስትሞክሪ ሥጋው መጥበሻው ላይ ውሃ ለቆ ተቀቀለ፣ ጠነከረም፤ ቺፕሱም ከውጭ ጠቁሮ ከውስጥ ሳይበስል ወጣ፣ ሳህን ላይ ደግሞ ወዲያው ላላ፤ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው የሚል ነው። ከላይ የመለሱልሽ ብዙዎቹ ቅመም ጨምሪ ብለዋል። ቅመም አያድነውም። ፓሪስም ሆነ ብራስልስ ያለ ተራ ቢስትሮ፣ ማለትም ትንሽ ምግብ ቤት፣ ይህን ምግብ የሚሠራው በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በቅቤ ነው። የሥጋውም የድንቹም ችግር አንድ ነው፦ ውሃ። ውሃው ከላዩ ተንኖ ሳያልቅ ሥጋም ድንችም ቡናማ ቅርፊት አይዝም።

ከድንቹ ልጀምር፣ ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነውና። ለአንድ ሰው 300 ግራም ያህል ያዢ። ቤልጅየሞች የሚመርጡት ቢንትዠ የሚባለውን ዝርያ ነው፤ ሲበስል ዱቄት ዱቄት የሚል ድንች ነው። አሜሪካ ያላችሁ ራሴት ግዙ። እዚህ ጉልት ላይ ዝርያ ጠይቆ መግዛት ስለሚያስቸግር በጨው ውሃ ለዪው፦ በአንድ ሊትር ውሃ 110 ግራም ያህል ጨው አሟሚና ድንቹን ጣዪበት። የሚሰምጠው ለቺፕስ ይሆናል፣ የሚንሳፈፈውን ለአልጫ አስቀሪው። ልጡ በጣት ሲታሽ የሚነሳ አዲስ ድንች ውሃ ስለሚበዛበት ተዪው። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ድንችም አይሁን። ድንች ብርድ ላይ ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩ ዘይት ውስጥ ቶሎ ያርና ውስጡ ሳይበስል ውጪው ይጠቁራል፣ ይመራልም። ያንቺ የጠቆረው በዚህ ወይም ዘይቱ ከመጀመሪያው በጣም ግሎ ስለነበር ነው።

በ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቁረጪ። ውሃው ጥርት እስኪል እጠቢ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፊ፣ ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ እጅሽ ላይ እርጥበት እስከማይቀር አድርቂው። ይህን ማድረቅ ችላ የሚል ሰው ዘይቱ ይገነፍልበታል፣ ሙቀቱም ይወርድበታል።

ጥብሱ ሁለት ጊዜ ነው። ለ500 ግራም ድንች 2 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል፤ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሙላ። የሱፍ አበባ ዘይት ጥሩ ነው። ቤልጅየም ውስጥ የቆየው ልማድ በበሬ ሞራ መጥበስ ነው፤ ሥጋ ቤት ሞራ ለምነሽ አቅልጠሽ ብታጠሪው ጣዕሙ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጥብስ 150 ዲግሪ ላይ ይሁን፤ ዓላማው ማብሰል ብቻ ስለሆነ ቀለም መያዝ የለበትም። የውጭ አገር መመሪያዎች 5 ወይም 6 ደቂቃ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድንቹ ውስጥ ያለው ውሃም ከዚያ በላይ አይሞቅምና ውስጡ ለመብሰል ይዘገያል። 8 ደቂቃ ስጪው፤ አንዱን አውጥተሽ በሁለት ጣት ስትጫኚው መፍረክረክ አለበት። ከዚያ ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ ዘርግተሽ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። እንፋሎቱ ሲወጣ ላዩ ይደርቃል፤ ሁለተኛው ጥብስ እንዲንኮሻኮሽ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለተኛው 185 ዲግሪ ላይ 2 እስከ 3 ደቂቃ ነው፣ በሁለት ዙር። ቴርሞሜትር ከሌለሽ አንድ ቁራጭ ጣዪ፦ 150 ላይ ረጋ ብሎ አረፋ ያወጣል፣ 185 ላይ እንደገባ ይንጫጫል። ስታወጪው ወዲያው ጨው ነስንሺበት፤ መክደን ግን ፈጽሞ የለም። ክዳን እንፋሎቱን መልሶ ያጠጣዋል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍተሽ ድስቱን ክደኚው፤ ውሃ እንዳታፈሺበት!

አሁን ሥጋው። ያንቺ ሥጋ የጠነከረው ባንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛ አገር ሥጋ ቤት የሚሸጠው ትናንት ወይም ዛሬ የታረደ ነው። ለጥሬ ሥጋ ትኩስነቱ ክብር ነው፤ ለስቴክ ግን ከእርድ በኋላ የሚደርቀው ጡንቻ እስኪላላ ቀናት ይፈልጋል፤ ፈረንሳይም ለስቴክ የሚሆን ሥጋ ቀናትና ሳምንታት ቀዝቃዛ ክፍል ይሰቀላል። እንግዲህ 1.5 ኪሎ ሽንጥ በአንድ ቁራጭ ግዢ፣ አየር የወጣለት ላስቲክ ካገኘሽ በዚያ አሽገሽ 4 ዲግሪ ያልሞላ ፍሪጅ ውስጥ 5 እስከ 7 ቀን አቆዪው። መኮምጠጥ ከሸተተ ወይም ካሙለጨለጨ ጣዪው። ጊዜ ከሌለሽ ጭቅና ግዢ፤ ጣዕሙ ከሽንጥ ቢያንስም ለስላሳነቱ ያለ ማቆየትም ይገኛል።

ስቴክ መሐሉ ቀይ ሆኖ ስለሚበላ ስለ ኮሶ ትልም ማሰብ አለብሽ። ከቆየ በኋላ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ብርድ 10 ቀን በረዶ ቤት ውስጥ ከቆየ ትሉ ይሞታል። ይህን ካላደረግሽ መሐሉ 60 ዲግሪ አልፎ እስኪደርስ አብስዪው። የበረደውን ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ከዋዜማው አውጪው።

ሻጩን «3 ሳንቲ ሜትር አድርገህ፣ ጭረቱን አግድም ቁረጥልኝ» በዪው። ካልነገርሽው ለጥብስ በለመደው እጅ ይቆርጠዋል፤ ስስ ሥጋ ቅርፊት ሳይዝ መሐሉ ከልክ በላይ ይበስላል። ለአንድ ሰው 250 ግራም ይበቃል። ጨው ላይ ሁለት ምርጫ አለሽ፦ ወይ ከ45 ደቂቃ በላይ ቀድመሽ፣ ወይ ልክ መጥበሻ ልትከቺው ስትይ። በመካከሉ፣ 10 እና 20 ደቂቃ ላይ፣ ጨው የሳበው ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሻል፤ ከጥያቄሽ ጋር በላክሽው ፎቶ ላይ የሚታየው የሥጋ ጭማቂ ይህ ይመስለኛል። ቀድመሽ ብትጨምሪ ውሃው ተመልሶ ይገባል። ሥጋውን ከፍሪጅ አውጥቶ ማሞቅ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ በሶፍት ደጋግሞ ማድረቅ ግን ያመጣል።

ከባድ ብረት መጥበሻ 5 ደቂቃ አግዪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፣ ጢስ ሲጀምር ሥጋውን አስገቢ። በ28 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ከሁለት አይበልጥ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ አንድ በአንድ ይሻላል፤ ሙቀቱ ከወረደ በኋላ ቶሎ አይመለስምና አራት ቁራጭ ባንዴ ሲገባ የሚሆነው ቅቅል ነው። መጥበሻው ሲንጫጫ ከሰማሽ ደህና ነሽ፤ ድምፁ ወደ መንተክተክ ከወረደ ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። በየደቂቃው ገልብጪ፣ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ያህል። መጨረሻ ላይ እሳቱን ቀንሺና 30 ግራም የገበታ ቅቤ፣ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ ጦስኝ ጨምረሽ አረፋ የያዘውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳሽ ላዩ ላይ አፍስሺበት። ቅቤው ከመጀመሪያው ቢገባ ያራል።

መሐሉ 50 ዲግሪ ሲሆን ብታወጪው አርፎ 53 ገደማ ይደርሳል፤ ፈረንሳዮቹ ሴኛን የሚሉት፣ መሐሉ ቀይ የሆነው ነው። 54 ላይ ብታወጪው አ ፑዋን የሚሉት፣ ትንሽ በሰል ያለው ይሆናል። የእኛ የሣር ከብት ስቡ ትንሽ ስለሆነ 60ን ሲያልፍ ቶሎ ይደርቃል፤ በረዶ ቤት ያላስገባሽውን ሥጋ 60ን እንዳለፈ ማቆም አለብሽ፣ ከዚያ መጨመር አያስፈልግም። ሽቦ ላይ 6 ደቂቃ ይረፍ። ሁለተኛው የድንች ጥብስ የሚገባው በእነዚህ 6 ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ እራቱ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ፣ 12:15 ላይ ድንቹ ተቆርጦ ይዘፍዘፍ፣ 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጥብስ፣ 1:40 ላይ ሥጋው መጥበሻ ይግባ፤ ዘይቱ ጎን ለጎን እየጋለ ይጠብቅ።

ሶስ ከፈለግሽ እዚያው መጥበሻ ላይ ነው፣ ስቡን ቀነስ አድርገሽ። ለሁለት ሰው አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ አቁላዪ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ በሙቀጫ ሸክሸክ ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ 100 ሚሊ ሊትር የአጥንት መረቅ፣ ሲጋመስ 100 ሚሊ ሊትር ክሬም፤ ማንኪያ ሲለብስ አውጪው። ኮኛክ የሚጨምሩት ከመረቁ በፊት ነው፣ ባይኖርም አይጎድልም። ካልሆነ ቅቤ፣ ፐርስሊና ሎሚ ለውሰሽ አንድ ቁራጭ ትኩሱ ሥጋ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ቺፕሱን ከዋዜማው መጀመር ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። ከመጀመሪያው ጥብስ በኋላ ትሪ ላይ ሳይነባበር በረዶ ቤት ይግባ፤ ሳይቀልጥ 185 ዲግሪ ዘይት ውስጥ በትንሽ በትንሹ አስገቢው፣ 4 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል።