ማንጎ፣ ሙዝ ወይስ አቮካዶ፦ ፍሪዝ ድራይ ማሽኑ ውስጥ የቱ ይግባ?

ጥያቄው ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ነው የመጣው። ማንጎና ሙዝ አለኝ፣ አቮካዶም ትንሽ አለ፣ ውጭ ያለ ዘመዴ ትንሽዬ የፍሪዝ ድራይ ማሽን ሊልክልኝ ነው፣ የቱን ባደርቅ ያዋጣኛል፣ ለስናክ ልሽጠው ወይስ ለኬክ ቤትና ለአይስክሬም ሰሪ ላቅርብ ነው ያልከው።

ወንድሜ፣ ከማንጎው ጀምር። ማሽኑ ፍሬውን በጣም ካቀዘቀዘው በኋላ አየሩን በፓምፕ ይስብና በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ለዚህ ነው ፍሬው የማይጨማደደው፣ ከለሩም ሽታውም ብዙ የማይጠፋው። ውስጡ የሚቀረው ውሃ ከ2 እስከ 4 ፐርሰንት ገደማ ስለሆነ አፍ ውስጥ ሲገባ ቀሽ ይላል፣ በሶላር ማድረቂያ፣ ማለትም በፀሐይ ሙቀት ያደረቅከው ማንጎ ግን 15 እና ከዛ በላይ ፐርሰንት ውሃ ይዞ ስለሚቀር እንደ ቆዳ ይለመጣል።

ማንጎ ሽታውም ጣፋጭነቱም ጠንካራ ስለሆነ ለስናክም ለኬክ ቤትና ለአይስክሬም ሰሪም ይሆናል ግን መለየት አለብህ። ክር የሌለው፣ እንደ ኬንትና አፕል ማንጎ ያለው ዝርያ፣ ሳይለሰልስ ገና ጠንከር እንዳለ ተከትፎ ለስናክ ይሂድ። ክር የበዛበትን የአገሩን ማንጎ ቆርጠህ ብታደርቀው ጥርስ ውስጥ እየገባ ደንበኛ ያባርርብሃል፣ እሱን ጨምቀህ በወንፊት አጥልለህ አድርቀውና ፓውደር አድርገው፣ እርጎና አይስክሬም የሚሰሩት የሚፈልጉት እሱን ነው፣ የተሰባበረውም ቁራጭ እዛው ይገባል። ሂሳቡን ግን ካሁኑ እወቀው፣ ልጣጩና የውስጡ ዘር ወጥቶ አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት 10 ኪሎ ገደማ ሙሉ ማንጎ ይፈጃል።

ሙዝ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ከነልጣጩ ከ6 ኪሎ አካባቢ አንድ ኪሎ ይወጣዋል፣ በዚህ ማንጎን ይበልጠዋል፣ ግን ቶሎ ይጠቁራል፣ እንደቆረጥከው የሎሚ ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ አለብህ። ደግሞ የሙዝ ስናክ በተራ ማድረቂያም በደንብ ስለሚሰራ ለዚህ ውድ ማሽን ቦታ ባይሻማ እመርጣለሁ። አቮካዶውን ተወው፣ ቅባት ስላለው አየር ካገኘው ቅባቱ ተበላሽቶ መጥፎ ሽታና ጣዕም ያመጣል፣ ጥሬውን ሽጠው። ፓፓያ ደግሞ ሽታው ደካማ ስለሆነ ደርቆ ብዙ አይጣፍጥም። እንጆሪ የሚያመርት ጎረቤት ካለህ ለኬክና ለሲሪያል (በወተት ለሚበላው የቁርስ እህል) እሱን የሚያህል የለም፣ ወተት ሲነካው ወዲያው ይለሰልሳል፣ ግን ከ10 ኪሎ በላይ ገብቶ ነው አንድ ኪሎ የሚወጣው፣ ለሁለት ሳትሰነጥቀውም አታስገባው፣ ቆዳው ተኑን ያፍነዋል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። አንድ ዙር 24 ሰዓትና ከዛ በላይ ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቆየ በረዶው ይቀልጣል፣ ፍሬው ተሟሙቶ ትሪው ላይ ይጣበቃል፣ ያ ዙር ከሰረ ማለት ነው። ጄኔሬተር ወይ በቂ ባትሪ ሳታዘጋጅ ማሽኑን አታስመጣ እባክህ። ትንንሾቹ ማሽኖች ደግሞ በአንዴ የሚይዙት ጥቂት ኪሎ ስለሆነ የማሳህን ምርት ሁሉ አያነሱልህም፣ የበዛውን በሶላር ማድረቁን አትተው።

ማሸጊያውም ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ይሄ ነገር እርጥበት ይጠጣል፣ በዝናብ ወቅት ለትንሽ ጊዜ እንኳን ክፍት ካስቀመጥከው ይለሰልስብሃል፣ ፓውደሩም ይጓጉላል። ከማሽኑ እንደወጣ ውስጡ አልሙኒየም ያለው ከረጢት ውስጥ እርጥበት መምጠጫ ጨምረህ አሽገው፣ ተራ ፌስታል አይሆንም። ለኬክ ቤቶቹ ከቁራጩም ከፓውደሩም ትንሽ ትንሽ ናሙና ስጥና በኪሎ ስንት እንደሚገዙ በአፋቸው አስነግራቸው፣ መብራቱንና ማሸጊያውን ደምረህ ዋጋቸው ካልሸፈነልህ ዘመድህ ብሩን በሶላር ማድረቂያው ላይ ቢያውልልህ ይሻላል።