ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግቢውን ዙሪው

ጥያቄሽን አየሁት እህቴ። በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ሠርተሻል። አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ «የኢነርጂ ቁጠባ መሐንዲስ» በሚል መደብ ሊቀጥርሽ ነው። «ሥራው አምፖል እየቆጠሩ መዋል ነው ወይስ ሙያ አለው? ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ስምሽ መብራት አጥፊ ይሆናል» ብለው ቀልደዋል። ቀልዱ ውሸት አይደለም። እኔንም እዚህ ኮምቦልቻ ከ2011 ጀምሮ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። የምሠራበትን ቤት ስም ልለፈው።

አጭር መልስ ከፈለግሽ፦ ግቢ። (የግቢ ሥራ ስለሆነ ቃሉም ይመቻል።) ረጅሙን ከፈለግሽ ቡና አስፈዪና አንብቢው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠረጴዛና አንድ ክላሰር ሙሉ የመብራት ቢል ነበር። ግቢው በሙሉ የሚለካው በአንድ ቆጣሪ ነው። ዶርሙ፣ ኩሽናው፣ ላቦራቶሪው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቢሮው ተደማምሮ በወር አንድ ቁጥር ይመጣል። ሃያ ሰው የሚበላበት ቤት ጤፉ ማለቁ ይታወቃል እንጂ ማን ስንት እንደበላ ማን ያውቃል? ሦስት ሳምንት ቢሉን ሳገላብጥ ቆየሁ። አንድ ጥገና ክፍል የነበሩ ጋሼ አላስችል ብሏቸው «አንተ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ትፈልጋለህ? ቆጣሪው ሌሊት እንዴት እንደሚሮጥ ሄደህ እየው» አሉኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ወጣሁ። ዶርሙ ተኝቷል። ኩሽናው ገና አልተነሣም። ቢሮው ዝግ ነው። በዚያ ሰዓት መብላት ያለበት የውጭ መብራቱና ጥቂት ፍሪጆች ብቻ ናቸው። ቆጣሪው ግን የቀኑን ግማሽ ያህል እየጎተተ ነበር። ትራንስፎርመሩ ሥር ብትቆሚ ያጉረመርማል።

ድምፁን እየተከተልን ፓምፕ ቤቱ ደረስን። 15 ኪሎዋት የሆነ ፓምፕ ውሃ ይገፋል። ታንከሩ ከሞላ ቆይቷል። ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማጥፊያ ተበላሽቶ ውሃው በትርፍ ማፍሰሻው እየወጣ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ዳር በበጋ እንኳ የማይደርቅ ለምለም ሣር ነበረ። ሰው ሁሉ «ምንጭ አለ» ይል ነበር። ምንጩ እኛ ነን!

ሒሳቡን እንይ። 15 ኪሎዋት በሌሊት 8 ሰዓት ያለ ሥራ ቢሮጥ 120 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 3,600። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ያንን ያህል ለመብላት 400,000 ሰዓት መብራት አለበት። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ 45 ዓመት ከምናምን ማለት ነው። «መብራት አጥፊ» ሲሉሽ ይቺን ቁጥር ያዢያት። አምፖሉ የሚታየው ስለሚበራ ነው። ትልቁ ብክነት አይበራም።

ማጥፊያውን ቀየርን። ዋጋው ምንም አልነበረም። ሣሩ ደረቀ። ሣሩን እያጨዱ ላማቸውን የሚቀልቡ አንድ ሐጂ ነበሩ። በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አላህ ይይልህ፣ ምን አድርጌህ ነው?» ይሉኛል። እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም።

እና የመጀመሪያ ሥራሽ ይኼ ይሁን። ማታ፣ ሌሊት፣ እሑድ፣ የበዓል ቀን ቆጣሪውን አንብቢ። ብቻሽን አትውጪ፣ ጥበቃ ይዘሽ ውጪ። ሰው በሌለበት ሰዓት የሚበላው ነገር ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቀኑን ተይው፤ ቀን ላይ ሁሉም ሰበብ አለው።

ፓወር ፋክተር የሚሉትን ከፋብሪካ ስለምታውቂው አላስረዝመውም። ለማያውቁት አንባቢዎች ግን፦ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መሐል መንገዱን ትቶ ዳር ዳሩን ሲሄድ አስቡት። ገመዱ ይወጠራል፣ ፈረሱ ያልበዋል፣ ጋሪው ግን በድካሙ ልክ አይሄድም። ሞተር የበዛበት ግቢ እንደዚያ ነው። ለሥራ የማይውል ከረንት ገመዱንና ትራንስፎርመሩን ያጨናንቃል። እኛ ጋ ይህን የሚያስተካክሉት ካፓሲተሮች ተቃጥለው ሳጥናቸው ብቻ ተሰቅሎ ነበር። ሳጥኑ ስላለ ሁሉም ይሠራል ብሎ ያምናል። ስትገቢ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ሁሉ ከፍተሽ እዪ።

አሁን ወደ ኩሽናው ልምጣ። ሙያውን የተማርኩት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

24 የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። አንዱ 3.5 ኪሎዋት ይበላል። በሦስት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው ተደርድረዋል። ሁሉም ሲበራ 84 ኪሎዋት ነው። ጋጋሪዎቹ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ገብተው ሁሉንም ያበሩና ሊጥ እየጨለፉ ቡና እየጠጡ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። መጋገር የሚጀምሩት 11 ሰዓት ላይ ነው። ምጣድ ለመጋል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። 40 ደቂቃ ባዶውን ይግላል ማለት ነው። ደስ አለኝ። ሪፖርቴን በልቤ ጻፍኩ፦ «የግንዛቤ ችግር፣ ሥልጠና ያስፈልጋል።»

በማግስቱ የጋጋሪዎቹን ኃላፊ አነጋገርኳቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ኩሽና ውስጥ ያረጁ ሴት ናቸው። ስለ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥር ደቂቃ ገለጥኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ እንጀራ ጋግረህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ና እስቲ።»

ፊተኛው ረድፍ ላይ አስጋገሩኝ። ቅርጹ የአፍሪካ ካርታ ሆነ እንጂ ዓይን አውጥቷል። ቀጥሎ ወደ ኋለኛው ረድፍ ወሰዱኝ። እኩል ሰዓት የበራ ምጣድ ነው። ሊጡ ተንጣለለና ቀረ። ዓይን የለው፣ ጠርዙ አልተነሣ። ምጣዱ ላይ ተለጠፈ። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። «እኔ አንድ ሰዓት ቀድሜ የማበራው ለነዚህ ስምንቱ ብዬ ነው። ፊተኛዎቹን ቆይቼ ላብራ እንዳልል ማብሪያው የሁሉም አንድ ነው። እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አሉ።

አፍሬ ሄጄ ቮልት ሜትሬን አመጣሁ። ፊት ረድፍ ላይ 220 ቮልት። ኋላ ረድፍ ላይ 195።

ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ምጣድ ላይ ግን ኃይሉ የሚቀንሰው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው። 195ን ለ220 አካፍዪና በራሱ አባዢው። 0.79 ገደማ ይሰጥሻል። የ3.5 ኪሎዋቱ ምጣድ 2.75 ኪሎዋት ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ላይ ምጣዱ እየጋለ ሙቀት ያመልጠዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ለመድረስ ዕጥፍ ጊዜና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሴትየዋ ያለ መሣሪያ በእንጀራው ዓይን ቮልቴጁን እየለኩ ኖረዋል።

ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ መብራት የተቀጠለው በተገኘው ዕቃ ነው። የኛም ኩሽና እንደዚያ ነው የተነሣው። ወፍራም መሆን የነበረበት ገመድ ቀጭን ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። ከሦስቱ ፌዝ (መብራት ከሚመጣባቸው ሦስት መስመሮች) ደግሞ አብዛኛው ምጣድ አንዱ ላይ ተጭኗል። ገመዱን የቀጠለው ሠራተኛ ሊወቀስ አይገባም። ተማሪ ሊመለስ ነው፣ መብላት አለበት፣ ያለውን ዘረጋ።

ገመዱ ተቀየረ፣ ጭነቱ ለሦስቱ ፌዝ ተከፋፈለ፣ ለየረድፉ የራሱ ብሬከር ተደረገለት። አሁን ሁሉም ረድፍ እኩል ይግላል። እትዬም ሲፈልጉ አንዱን ረድፍ ብቻ ያበራሉ። ፊት የነበሩት 16 ምጣዶች ብቻ 40 ደቂቃ ባዶ መጋላቸው ሲቀር በየቀኑ 37 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈ። «ሥልጠና ያስፈልጋል» የሚለውን ሪፖርት እንኳን አላስገባሁት። ሥልጠናውንስ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ልምድ አድርጌያለሁ። ብክነት የመሰለኝን ነገር ሳይ መሣሪያው አጠገብ የሚቆመውን ሰው «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» እለዋለሁ። እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ጥያቄ። ከአሥር ሰባቱ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ውስጥ ደግሞ የተበላሸው ዕቃ አለ።

የተማሪ ምድጃም እንደዚሁ ነው። ዶርም ውስጥ በሸክላና በሽቦ የተሠራ ምድጃ ታገኛለሽ። ፕሮክተሮች በየሴሚስተሩ ይሰበስባሉ፣ በሳምንቱ ሌላ ይገባል። አደጋው እውነት ነው፣ ሶኬት ቀልጦ አይቻለሁ። ግን ልጁ የሚፈልገው ማታ ሻይ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ አንድ የጋራ የፈላ ውሃ ማሞቂያ ስናስቀምጥ ምድጃው አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ።

ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። የሐረጎን ዳገት ከወጣሽ በኋላ ሥራው ሌላ ነው። እኛ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ደሴ 2,500 ትደርሳለች። እኔ ጋ ራስ ምታቱ የኮምፒዩተር ክፍል ኤሲ ነው፤ በር ተከፍቶ ኤሲ ይሠራል። እሱ ጋ ሙቅ ውሃና ብርድ ነው። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና አተር አልበስል ብሎ ያስቸግራል። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። እሱ ያደረገው እህሉን ማታ ማስዘፍዘፍና ድስቱ በደንብ እንዲከደን ማድረግ ነው። ኢነርጂ ቁጠባ ብለሽ ሲቪ ላይ ብትጽፊው ማን ያምንሻል? ግን ነው።

ስለ ኤልኢዲ አጭር ላድርገው። እኛ መጀመሪያ ያስገባነው በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ዕቃ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ኮሪደሩ መብረቅ ያለበት መሰለ፣ ብልጭ ድርግም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዝርዝር መግለጫው ላይ «ኤልኢዲ፣ 18 ዋት» ብቻ ጽፌ ነበር። አሁን የብርሃን መጠኑን በሉመን፣ ፓወር ፋክተሩን፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ የሚችልበትን ልክ፣ የዋስትና ዓመቱን እጽፋለሁ፤ ናሙናም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ግዥ ክፍል በሕጉ ነው የሚሄደው። አንቺ ያልጻፍሽውን አይገዛልሽም። የሰኔ 30 ጥድፊያ ላይ ከመጣሽ ደግሞ የተገኘው ይገዛል። ጥያቄሽን ጥቅምት ላይ አስገቢ።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ያተረፍሽው ወዳንቺ አይመለስም። አንድ የፋይናንስ ኃላፊ በግልጽ «ቢሉ ከቀነሰማ በጀቱን ይቀንሱብናል» ብሎኛል። ተናድጄ ነበር፣ ግን እሱም እውነቱን ነው። በዚያ ላይ ከ2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተደርጓል። አንድ ዓመት ፍጆታውን ቀንሼ፣ የሚከፈለው ብር ግን ጨምሮ ስብሰባ ላይ «ታዲያ ምኑን ቆጠብከው?» ተባልኩ። መልስ አልነበረኝም። ሪፖርቴን በብር ነበር ሳቀርብ የኖርኩት። ስለዚህ በኪሎዋት ሰዓት ለኪ። አጠገቡ «ባንሠራ ኖሮ በዛሬው ታሪፍ ይህን ያህል እንከፍል ነበር» የሚል አንድ ረድፍ ጨምሪ። ለበላዮቹ ደግሞ በሚገባቸው ንገሪያቸው። እኔ ያንን 37 ኪሎዋት ሰዓት «ትራንስፎርመሩ ላይ ቦታ ተገኘ፣ አዲሱ ላቦራቶሪ ይቀጠላል» ብዬ ነው ያቀረብኩት። የዚያን ቀን ሁሉም ሰማኝ።

ወረቀቱን በተመለከተ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን አንብቢው፤ ስለ ኢነርጂ ቁጠባ የሚለውን ክፍል በተለይ። ደብዳቤ ስትጽፊ አዋጅ መጥቀስ ክብደት አለው። አይኤስኦ 50001 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የኢነርጂ አስተዳደር ደረጃም ተመልከቺው፣ ሰርተፍኬቱ ባይመጣ አሠራሩ ይጠቅማል።

ደመወዙን ከፋብሪካው ጋር አታወዳድሪው፤ ያናድድሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ተጠሪነትሽ ለማን ነው? ለጠቅላላ አገልግሎት ከሆነ ጄኔሬተር ነዳጅ ስትቀጂ ትውያለሽ፣ እወቂው። በየሕንፃው ቆጣሪ አለ? ከሌለ የመጀመሪያ ዓመት ዕቅድሽ እሱ ነው። ሌሊት ግቢ ለመግባት ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጡሻል? ይቺን ሲሰሙ ግር ይላቸዋል፣ ግን በጽሑፍ ተቀበይ።

ክላምፕ ሜትር (ገመድ ሳይቆረጥ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) እስኪገዛልሽ አትጠብቂ፤ ዓመት ይፈጃል። የኔ አሮጌዋ ትርፍ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ካልሽ አውስሻለሁ። ባትሪዋን ግን ራስሽ ግዢ።