አማዞን መጣና ኪራያችን ጨመረ፣ እንሽሽ ወይስ እንቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ የምንኖረው አርሊንግተን ቨርጂኒያ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ፓርኪንግ ይሰራል፣ እኔ ሆም ኬር ነኝ። ዘንድሮ ሊዝ ስናድስ በወር 190 ዶላር ጨመሩብን፣ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ሰፈሩ እየተለወጠ ነው ብላኝ ሳቀች (ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ)። ሰዉ ሁሉ አማዞን ነው ይላል። ሲያትል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ እኛንም እንዲህ ነው ያስወጡን እያሉ ያስፈራሩናል። ባለቤቴ አሁኑኑ ራቅ ብለን ዉድብሪጅ እንግባ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እኔ ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ማንሳት አልፈልግም። ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ሲያትል ታክሲ ነድቻለሁ፣ ዘመዶችሽ አልዋሹሽም ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ።

አማዞን በፊት ሲያትል ቢከን ሂል ላይ ነበር፣ እዛው ከተማ ሳውዝ ሌክ ዩኒየን መግባት የጀመረው በ2010 ገደማ ነው፣ መጋዘን ምናምን የበዛበት ሰፈር ነበር። በ2012 የተከራያቸውን ህንጻዎች በ1.16 ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው። እኛ እዛ አልነበርንም፣ የኛ ሰው ሴንትራል ዲስትሪክት ነው፣ ቼሪ ስትሪት፣ ጃክሰን፣ እዛ አካባቢ። ታዲያ እኛን ምን ነካን ካልሽ፣ ደህና የሚከፈለው ኢንጂነር ማደሪያ ይፈልጋል፣ ቢሮው አጠገብ ያለው ሲሞላበት ኮረብታውን ወጣ፣ ኮረብታው ሲወደድበት ደግሞ እኛ ጋ ደረሰ። ከኛ በፊት የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን በ1970ዎቹ የሰፈሩ አብዛኛው ነዋሪ ነበሩ፣ አሁን ከአምስት አንድ እንኳን አይሞሉም። እኛ ከነሱ በኋላ መጥተን ከነሱ ጋ ወጣን።

የኔን ብነግርሽ፣ ባለቤቱ ህንጻውን ሸጠው፣ አዲሱ ገዢ ኩሽናዬን ግራናይት አለበሰና በግራናይቱ ዋጋ አስወጣኝ። ከሲያትል ውጭ ሬንተን ገባሁ፣ ሌላው ኬንት። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እዛው ቀረ፣ እሁድ እሁድ ከተማውን አቋርጠን መጥተን ፓርኪንግ ስንዞር ቅዳሴው ይጋመሳል። ከአማዞን ያገኘሁት ሙዝ ነው፣ ከ2015 ጀምሮ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ያድላሉ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ ሁለት ሁለት እወስድ ነበር።

ያንን ሁሉ ያደረገው ግን ቢሮው ብቻውን አይደለም። ከተማው ለመኖሪያ ከፈቀደው መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ተብሎ የታጠረ ነበር፣ ሰዉ ሲጎርፍ አፓርትመንቱን የት ይስሩት? በዛ ላይ ከተማ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ እንዳያወጣ በስቴቱ ህግ ከ1981 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ስቴቱ ራሱ ጣሪያ ያወጣው በ2025 ነው፣ እኛ ከወጣን በኋላ ማለት ነው። በ2018 ምክር ቤቱ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች በአንድ ሰራተኛ በዓመት 275 ዶላር ይክፈሉ፣ ለቤት ይዋል ብሎ 9 ለ 0 አጽድቆ ነበር፣ ወር ሳይሞላው ራሱ ሻረው። በ2020 ነው ሌላ ታክስ የወጣው።

ወዳንቺ ልምጣ። አማዞን አርሊንግተንን ለሁለተኛ ዋና መስሪያ ቤቱ የመረጠው ህዳር 2018 ነው፣ 25,000 ስራ ብሎ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ህንጻዎች በ2023 ተከፈቱ፣ ግን በዛው ዓመት ሁለተኛውን ግንባታ አቆይተነዋል አሉ፣ ስለዚህ የፈራችሁት ህዝብ ገና ሙሉ በሙሉ አልመጣም። አማዞን የገባበት አካባቢ ክሪስታል ሲቲም ቢሆን የመከላከያ መስሪያ ቤቶች ለቀው ስለወጡ ባዶ ቢሮ የሞላበት ነበር። አርሊንግተን ደግሞ ከአማዞን በፊትም ርካሽ ሆኖ አያውቅም፣ ሁሉን እሱ ላይ መለጠፍ ለአከራይሽ ጥሩ ምክንያት መስጠት ነው።

እዛው መንገድሽ ላይ ያለውን ባርክሮፍት አፓርትመንት ታውቂዋለሽ አይደል? 1,334 ቤት ነው። በ2021 መጨረሻ ሲሸጥ ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን 160 ሚሊዮን ዶላር ለገዢው አበደሩና ኪራዩ ለ99 ዓመት መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው እንዲሆን ተፈረመ። ብድር ነው እንግዲህ፣ ስጦታ አይደለም፣ ቢሆንም ሲያትል ቼሪ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በጊዜው ቢኖር እኔ ሬንተን ምን እሰራለሁ። ሄደሽ ገቢያችሁ ያስገባችሁ እንደሆነ ጠይቂ፣ ዛሬ ነገ አትበይ።

አሁን ያላችሁበትን ደግሞ የሁለት ዓመት ሊዝ ጠይቂያቸው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጭማሪውን የሚገድብላችሁ ህግ ስለሌለ በወረቀት የያዝሽው ነው ያንቺ። የተሰበረ ነገር መጠገን ካቆሙና ከወር ወር ካልሆነ አንፈርምም ማለት ከጀመሩ ህንጻው ሊሸጥ ይሆናል፣ የኔ እንደዛ ነበር።

ለባለቤትሽ፣ አማዞን ከጥር 2025 ጀምሮ ሰራተኛውን በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ አስገብቷል፣ ለፓርኪንግ ሰው ይሄ ክፉ ዜና አይደለም፣ በኮቪድ ጊዜ ጋራዡ ባዶ ሲሆን ያየውን እሱ ያውቀዋል። ዉድብሪጅ ከገባችሁ ሁለተኛ መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ሲደመር 190ውን ሳይበልጥ አይቀርም። ቢያንስ ሊዝ ሳትፈርሙ አንድ ሳምንት ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ተነስቶ ዉድብሪጅ ድረስ ይንዳና ከዛ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ስራው ይምጣ፣ አርብ ማታ ቁጭ ብላችሁ ታወሩታላችሁ።