መልስ፦ ለሞተር እጥበቱ መክፈል ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ። ዘይት ለማስቀየር በሄዱበት የመኪና መሸጫ ድርጅት «የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) እና የሞተር ውስጥ እጥበት ያስፈልገዋል» መባልዎን ጽፈዋል። እኔ ብሆን ከመክፈሌ በፊት የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን የጥገና ሰንጠረዥ አያለሁ፤ እንዲህ ያለው አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ አይገኝም። እንዲያውም የሼቭሮሌት መመሪያዎች የሞተር ዘይት መተላለፊያውን በኬሚካል ማጠብ እንደማይመከርና የሚያስከትለው ጉዳት በዋስትና እንደማይሸፈን ይገልጻሉ። እዚህ አሜሪካ ደንበኛ የሚያነጋግረው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከሚሸጠው አገልግሎት ኮሚሽን እንደሚያገኝም አይርሱ።

ካርቦን ይጠራቀማል መባሉ ግን ውሸት አይደለም። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭበት ሞተር፣ ነዳጁ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ጀርባ ስለማያጥበው፣ ተመልሶ የሚገባው የዘይት ትነት እየደረቀ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፤ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃም እዚያ አይደርስም። ይህን በሚገባ የሚያነሳው የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት መርጨት ነው፤ እሱም ቢሆን ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጉልበት የሚያንሰው ከሆነና ሻማና ኮይሉ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጡት ክፍሎች) ተፈትሸው ደህና ከተገኙ በኋላ ነው። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ከሚረጨው ሌላ ከቫልቮቹ በስተጀርባ የሚረጭ ኢንጀክተርም ያላቸው ሞተሮች የያዙት መኪናዎች፣ ለምሳሌ ባለ 2.5 ሊትሩ የ2018 ካምሪ፣ ይህ ብዙም አያሳስባቸውም።

ሠራተኛውን የትኛውን ምልክት ወይም የኮምፒውተር ኮድ አይቶ እንዳዘዘው ይጠይቁት፤ «ማይሉ ስለደረሰ ነው» ካለዎት ዘይቱን ብቻ አስቀይረው ይውጡ።