መልስ፦ ሴቶች በእርቅ ሸንጎ ላይ እንዴት ይናገሩ?

እህቴ፣ «በቀበሌያችን የሰላም ኮሚቴ ሁለት ሴቶች ቢመረጡም ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሳሉ፤ ምን ይሻላል?» ብለሻል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቺ። ስብሰባው አመሻሽ ላይ ከሆነ የሴቲቱ ልብ በጨለማ የምትመለስበት መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ይሁን።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሴቶቹ ለብቻቸው ይምከሩ። ሸዋ ሮቢት አጠገብ ባየሁት ሽምግልና ሴቶቹ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳና ስለ ከብት ሲነጋገሩ አንዲት እናት «ውኃ የምንቀዳበት መንገድስ?» አለች። ሁሉም ዝም አለ። ለካ ልጃገረዶቹ ወደ ወንዙ መውረድ ካቆሙ ሰንብተዋል! ይህ በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ ምኑን እርቅ ሆነ?

የተደፈረችን ሴት ግን ሸንጎ ፊት አታቁሟት፤ ወንጀሉም በሽምግልና አይሸፈን። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት መጀመር ትችላለች፤ ብትዘገይም ትሂድ።

«ሴት ምን አገባት?» ለሚልሽ ስለ ሴቶች መብት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 አንብቢለት። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳለፈው ውሳኔ 1325ም ሴቶች በሰላም ውሳኔዎች እንዲሳተፉ ይጠይቃል።